«አንድ ቁልፍ ተጫኚ፣ አለቀ!»

መቼም ዘንድሮ «በራሱ ይሠራል» የማይል ሻጭ የለም። ድስቱ በራሱ ይቀቅላል፣ መኪናው በራሱ ይቆማል፣ ዌብሳይቱም በራሱ ይጫናል! መጫኑንስ ይጫናል... እምቢ ያለ ዕለት ግን የሚያለቅሰው ሰው ነው።

ያለቀሰችው ታናሽ እህቴ ናት። የሐበሻ ቀሚስ ትሰፋለች፤ እጇ ወርቅ ነው (ወንድሟ ስለሆንኩ አይደለም)። የእቁብ ዕጣ ሲወጣላት ግማሹን ለጥልፍ ክር፣ ግማሹን ለዌብሳይት አዋለችው። ውጭ ያሉት ደንበኞቿ «ሥራሽን የምናይበት ቦታ የለሽም ወይ?» እያሉ ሲወተውቷት ከረሙ። «ባለሙያ ነኝ» ያለ አንድ ልጅ ቀብድ ተቀበለ፣ ፓስወርዷን ወሰደ፣ ጀመረና... ስልኩን ዘጋ። ኋላ ብቅ ብሎ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ሰርቨሩ ተበላሽቷል፣ ብር ጨምሪ!» የልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ደግሞ ደጅ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ይቅርብኝ፤ ከስሬ ልቀመጥ» አለችኝ። ከስሮ መቀመጥ ምን የሚሉት ነው? ማታ ኮምፒውተሩን ከፈትን።

ገጹ ላይ ያለው አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ «ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል። እሷም ሲፓነል ውስጥ ካለው ሶፍታኩለስ ከሚሉት አውቶማቲክ ጫኝ ጋር ስትታገል ሰንብታለች። ዎርድፕረስን ጫን ስትለው «እዚህ ቦታ ፋይሎች አሉ» ይላታል። ሌላ ፎልደር ስትሰጠው «ዳታቤዝ መፍጠር አልተቻለም» ይላታል። አቤት ግትርነቱ!

ግን እውነቱን ነው። ዎርድፕረስ ፋይሎቹ አንድ ቦታ፣ ጽሑፉ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱን የሚያስተዋውቃቸው ደብሊውፒ ኮንፊግ የተባለው ፋይል ሲሆን፣ የዳታቤዙ ስም፣ ተጠቃሚው፣ ፓስወርዱና አድራሻው ይጻፉበታል። ሲፓነል በዳታቤዙ ስም ፊት የአካውንቱን ስም ከነሰረዙ ይጨምራል። ልጁ ያንን ዘሎታል፤ በቃ ይኸው ነው «የተበላሸው ሰርቨር»። የእህቴ ርካሽ ሆስቲንግ የሚፈቅደው ደግሞ አንድ ዳታቤዝ ብቻ ነው፤ እሱንም ልጁ ይዞታል። ጫኙ ከየት ያምጣላት?

ስሙን አርሞ መቀጠል ይቻል ነበር። እኔ ግን አልወደድኩትም። የጫነው ዎርድፕረስ የድሮ ነው፤ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ዲዛይንም ለጥፎበታል። እንዲህ ያለ ቤት አፍርሶ መሥራት ይሻላል ባይ ነኝ።

እናማ ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል የሚለውን ፎልደር ባዶ አደረግነው። እናንተ የምትፈልጉት ነገር ካለበት አስቀድማችሁ ኮፒ ያዙ፤ ከዚያ ፎልደር ውጭ ያለውን ደግሞ አደራ አትንኩ፣ ኢሜይላችሁ እዚያ ነው። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ ብላችሁ እዘዙት፤ ኤችቲአክሰስ የምትባል ስሟ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ተሸሽጋ ቀርታ አዲሱን ታበላሻለች። ቀጥለን ዳታቤዙንና ተጠቃሚውን ሰረዝን።

አሁንም አልጫን አለ! እህቴ እንባዋ ሊመጣ ደረሰ። መልእክቱን ስናነበው ግን የጠየቀው አዲስ ፒኤችፒ ነው፤ አካውንቱ ላይ የተመረጠው 5.6 ነበር። የዛሬው ዎርድፕረስ በዚያ አይነሳም። ሲፓነል ውስጥ ገብተን 8.3 አደረግነው።

በመጨረሻ ጫኙ ላይ «ዲሬክተሪ» የሚለውን ሳጥን ባዶ ተውነው። «ደብሊውፒ» ተብሎ ተጽፎበት ካገኛችሁ አጥፉት፤ አለዚያ እንግዳው በጓዳ በር ይገባል፣ ሳሎኑ ባዶ ይቀራል። የአስተዳዳሪውንም ስም «አድሚን» አትበሉት፤ ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። ተጫንን... ደቂቃም አልፈጀ።

እልል ብላ ጎረቤት ልትቀሰቅስ ነበር! ከመተኛታችን በፊት ግን የሲፓነሉንም የኢሜይሉንም ፓስወርድ አስቀየርኳት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ልጁ ደወለ። «እትዬ፣ ሌሊቱን ሳልተኛ ሰርቨሩን ጠግኜልሻለሁ፤ ቀሪውን መቼ ትልኪልኛለሽ?»