ክንድ የማይገባበት ማዕዘን

ከካምፓላ መኻል ከተማ ተነሥቶ በኢንቴቤ መንገድ የሚጓዝ ሰው፣ ካትዌ መድረሱን በዓይኑ ከማየቱ በፊት በጆሮው ያውቀዋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ላሜራ ይቀጠቀጣል፤ ብረት ይሞረዳል፤ የብየዳ ብልጭታ ይረጫል። እ.ኤ.አ. በ1972 ኢዲ አሚን እስያውያን ነጋዴዎችን በ90 ቀን ውስጥ ከአገር እንዲወጡ ካዘዘ በኋላ መለዋወጫ ዕቃ በጠፋ ጊዜ፣ የካትዌ ባለሙያዎች የጎደለውን ከውራጅ ብረት እየሠሩ መኪናዎችን ከመቆም አድነዋል። በባጋንዳ ተረት ንጉሡ ዋሉካጋ የተባለውን ቀጥቃጭ የሚራመድና የሚናገር የብረት ሰው እንዲሠራለት አዝዞት ነበር። የካትዌ ሰዎች የሚታዘዙት ከዚህ ቀለል ያለ ነው፤ ያረጀ መኪና እንዲያስነሡ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ጋራዦች በአንዱ፣ የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ቆሟል። ይህ የመኪና ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር፣ አካሉ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅልቅል ተሠራ፤ ብዙው ክፍሉም በሪቬት ተያያዘ። ሪቬት ራስ ያለው፣ ጥርስ የሌለው አጭር ምስማር ነው። በቀዳዳው አልፎ ጭራው ሲቀጠቀጥ በማዶ ሌላ ራስ ያወጣል፤ ሁለቱም ላሜራዎች በሁለቱ ራሶች መካከል ተጨብጠው ይቀራሉ። ቡሎን በንዝረት ብዛት ዳዶው ሊላላ ይችላል፤ በደንብ የተመታ ሪቬት ግን የሚላላ ዳዶ የለውም።

የዚህ መኪና ጠላት ዝናብ ነው። አሉሚኒየም ከብረት ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ውሃ ሲገባ፣ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። በዓመት ሁለት ጊዜ ክረምት በሚሆንባት በካምፓላ ደግሞ ውሃ መግቢያ አያጣም። ከኋላው የጭነት ሳጥን ሥር፣ ከጎማው መሸፈኛ አጠገብ ያለው ማዕዘን እንዲሁ ተበልቶ ስለ ነበር፣ አዲስ ላሜራ ተቆርጦ ገባ። ላሜራው ለመታጠፍ አስቸግሮ ነበር፤ ስለዚህ ሳሙና ተቀባና በእሳት ተሞቀ። ሳሙናው ሲጠቁር ሙቀቱ መብቃቱ ታወቀ። የሙቀት መለኪያ ለሌለው ሰው ሳሙና ጥሩ መለኪያ ነው።

የቀረው አሥራ ሁለት ሪቬት መምታት ነበር። የጋራዡ ባለቤት ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ክንደ ወፍራም ሰው ናቸው፤ ክንዳቸው ወደ ማዕዘኑ አይገባም። ከአንድ ወገን ብቻ ተጎትቶ የሚጠብቅ ሪቬት መኖሩን ያውቃሉ፤ መሳቢያውም በሣጥናቸው አለ። ጀርባው በማይደረስበት ቦታ እርሱ ትልቅ ባለውለታ ነው። ነገር ግን መኻሉ ክፍት ስለሚቀር ውሃ ሊያስገባ ይችላልና ለዚህ ስፍራ አልወደዱትም። ስለዚህ የእኅታቸው ልጅ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ተለማማጅ፣ ከመኪናው ሥር በጀርባው ተኛ። በእጁ የያዘው ከአሮጌ አክስል ተቆርጦ የተሠራ ከባድ መደገፊያ ነው።

«ቀጥ አድርገህ ያዘው፤ ከተንጋደደ ጭራው ይተኛል» አሉት ከውጭ ሆነው።

የሪቬቱ ውፍረት አምስት ሚሊ ሜትር ነው። ጭራው ከላሜራው የሚተርፈው የውፍረቱን አንድ ተኩል ያህል፣ ማለትም ሰባት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ መሆን አለበት። ቢያጥር ራስ አያወጣም፤ ቢረዝም ይጣመማል። እስከ ስድስተኛው ድረስ ሥራው ያማረ ነበር። በሰባተኛው ላይ የልጁ ክንድ ደነዘዘና መደገፊያው ሸርተት አለ። ጣቱን ልኮ ዳሰሰው፤ ጭራው ወደ አንድ ጎን ተኝቷል። ከጎረቤት የሚሰማው የመዶሻ ጩኸት ድምፁን ስለ ዋጠው ሽማግሌው አላወቁም። ማዕዘኑን ከልጁ ጣት በቀር የሚያየው የለም። የመኪናው ባለቤትም በማግስቱ ጠዋት ጭነት ጭኖ ወደ ምባራራ ሊሄድ ቀጠሮ ይዟል።

ስምንተኛው ተመታ። ዘጠነኛውም ተመታ።

«ኮጃ» አለ ልጁ፤ ኮጃ በሉጋንዳ የእናት ወንድም ማለት ነው። «ሰባተኛው ተበላሽቷል።»

ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀመጡ። ሰማዩን ቀና ብለው አዩ፤ ዝናቡ ደርሷል። ከዚያ ትራፓኖውን አንሥተው የሪቬቱን ራስ ልክ ከመኻሉ መሰርሰር ጀመሩ፤ መሰርሰሪያው ከመኻል ከወጣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ ወፈር ያለ ሪቬት ይፈልጋል። ራሱ ተቆርጦ ወደቀ፤ ጭራውም በመብሻ ተመትቶ ልጁ ደረት ላይ ወረደ። ልጁ ክንዱን አሻሽቶ መደገፊያውን እንደገና ያዘ። አዲሱ ሪቬት ገባ፤ ተመታ።

«ዳስሰው» አሉት።

«ክብ ነው፤ አልተጣመመም።»

«ስምንተኛውና ዘጠነኛውስ?»

ልጁ ጣቱን ወደ ጨለማው ማዕዘን መልሶ ላከ። በቆርቆሮው ላይ ዝናቡ መውረድ ጀምሮ ነበርና መልሱን ለማሰማት መጮኽ ነበረበት።