ጥላም ይመሰክራል

ብርሃን ከበዛ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል እንላለን። ስቴሪዮ ፎቶግራፍና ፍላሽ ሲገናኙ ግን ይህ አባባል ይፈተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ዓይኖቻችን 6.5 ሳንቲሜትር ያህል ተራርቀው አንዱን ነገር ከሁለት ቦታ ያያሉ፤ አእምሮ ሁለቱን አስማምቶ ርቀትን ያነባል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን በ1838 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በመሣሪያ አስረዳ። ስቴሪዮ ፎቶግራፍም ይኸው ነው፤ አንድ ሥዕል ለግራ ዓይን፣ አንድ ለቀኝ።

ታዲያ ፍላሹን ከካሜራው አናት ላይ ሰክተን ብናበራስ? ብርሃኑ ከሌንሱ ጋር ባንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ጥላው ሁሉ ከሚነሳው ነገር ጀርባ ይደበቃል። የአፍንጫው፣ የጉንጩ፣ የነጠላው እጥፋት ይጠፋል። ሰውየው ከግድግዳው ፊት መቆሙ ይታወቃል፤ እሱ ራሱ ግን ከካርቶን ተቆርጦ የቆመ ይመስላል። ርቀት አለ፣ ሥጋ የለም! ፍላሹን በገመድ አርቀን ወደ ጎን ስናደርገው ግን ጥላ ይወለዳል፤ ፊትም ፊት ይሆናል።

የማይንቀሳቀስ ነገር ባንድ ካሜራ፣ ቦታ እየቀየርን ሁለት ጊዜ የምናነሳ ከሆነ ደግሞ ፍላሹ ካለበት ንቅንቅ ማለት የለበትም። እሱ ከሄደ ጥላውም ይሄዳል፤ ግራ ዓይን አንድ ይላል፣ ቀኝ ዓይን ሌላ፤ ትርፉ ራስ ምታት ነው።

የሲንሲናቲው ፎቶግራፍ አንሺ ቻርልስ ዋልዳክ በ1866 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ፣ ማሞዝ በተባለው ዋሻ፣ ማግኒዚየም እያነደደ ስቴሪዮ ሥዕሎች አንስቷል። ፀሐይ ገብታ በማታውቅበት ቦታ ብርሃን ይዞ የሚገባ ሰው፣ ጥላው ወዴት እንደሚወድቅም የሚወስነው እሱ ነው። ምን ልበላችሁ፣ ይህ ሥልጣን ቀላል አይደለም።

በልጅነቱ አንድ ዓይኑን ያጣ የዶርም ጓደኛ አለኝ። ስለ ስቴሪዮ ስለፈልፍ ሰምቶ፣ «እኔኮ ደረጃ የምወርደው ጥላውን እያየሁ ነው» አለኝ። እንግዲህ ለእሱ ሁለተኛው ዓይን ጥላ ነው። ጥላን ማጥፋት ለእኛ ሥዕል ማበላሸት ሲሆን ለእሱ መንገድ መንሳት ነው።

እኛም ብዕር ይዘን በሌላው ሰው ኑሮ ላይ ብርሃን እናበራለን ባዮች ነን። ብርሃኑን ከራሳችን ግንባር ላይ አውርደን ትንሽ ወደ ጎን ብናደርገው ምናለበት? ያ ሰው የራሱ ጥላ ይኑረው።