በአርካዊት ቤታችን የነበረው ረግረግ

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ ተመድቤ ስሠራ፥ መኖሪያዬ አርካዊት በሚባለው ሰፈር ነበር። አገሩ ሜዳ ነው፤ ፀሐዩም ብርቱ ስለ ሆነ በግንቦት ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በደጋ ተወልዳ ያደገችው የሰባት ዓመት ልጄ በመስኮት እየተመለከተች «አባዬ፥ እዚህ አገር ሣር የለም ወይ?» ብትለኝ መልስ አጣሁ። ስለዚህ ልምላሜውን ወደ ቤት ላመጣላት ቈረጥሁ።

ልሠራው ያሰብሁት ነገር በባዕድ ቋንቋ ፓሉዳሪየም ይባላል። ስሙ «ፓሉስ» ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ረግረግ ማለት ነው። ዓሣና ተክል ባንድነት የሚኖሩበት፥ ከታች ውሃ ከላይ የብስ የሆነ የመስተዋት ሣጥን ነው። የእኛው ሣጥን ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፥ የውሃውም ጥልቀት 25 ሳንቲ ሜትር ነበር። ይህ 300 ሊትር ይሆናል፤ ክብደቱም 300 ኪሎ ነውና ጠረጴዛውን ከብረት አሠራሁት። ከውሃው በላይ ባለው መደርደሪያ አፈር አድርጌ ደንገል ተከልሁ። ይህም የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ተክል ነው፤ በነጭ ዓባይ ረግረግም በብዛት ይበቅላል።

ከጠረጴዛው ሥር በርሜል አኖርሁ። ውሃው በመፍሰሻ ቧንቧ ወደ በርሜሉ ይወርዳል፤ በዚያም ተጣርቶ በፓምፕ ኃይል ወደ ላይ ይመለሳል። ሻጩ «ይህ ፓምፕ በሰዓት 2,000 ሊትር ይገፋል» ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ይህ ቍጥር ውሃው ሽቅብ ሳይወጣ የተለካ ኖሯል። እኔ ራሴ ከላይ ሆኜ ብለካው 10 ሊትር የሚይዘው ባልዲ የሞላው በ40 ሰኮንድ ነው፤ ይኸውም በሰዓት 900 ሊትር ብቻ መሆኑ ነው። ሆኖም ውሃውን ሁሉ በሰዓት ሦስት ጊዜ ስለሚያዞረው በቃኝ።

በመጀመሪያው ሌሊት መብራት ጠፋ። የመመለሻው ቧንቧ አፍ በውሃው ውስጥ ጠልቆ ነበርና፥ ፓምፑ ሲቆም ውሃው በዚያው ቧንቧ ወደ ኋላ እየተሳበ በርሜሉን ሞልቶ ምንጣፋችንን አጠበው። ባለቤቴ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። ቧንቧው ከውሃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ በቀጭን መሰርሰሪያ ይበሳል፤ ውሃው እስከዚያ ሲወርድ በቀዳዳው አየር ይገባና መሳቡ ይቆማል። በርሜሉም ምን ጊዜም ቢሆን ሲሶው ባዶ ሊሆን ይገባል።

ስለ ማጣሪያው ግን ማንንም አልጠየቅሁም። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ጠጠር፥ አሸዋና ከሰል በተራ ደርድረን የጐርፍ ውሃ እናጣራ ነበርና በዕውቀቴ ተመካሁ። እንደዚያው አድርጌ ብሠራው ውሃው እንደ መስተዋት ጠራ። ልጄንም «እነሆ፥ ንጹሕ ውሃ!» አልኋት። ሱዳኖች ቡልቲ የሚሉትን ቆሮሶ፥ ስድስት ትንንሽ ዓሦች፥ ከዓባይ ዳር ከዓሣ አጥማጅ ገዝተን ጨመርን። እርስዋም ለእያንዳንዱ ስም አወጣችለት። በአራተኛው ቀን ጧት ስድስቱም ሞተው ተንሳፈው አገኘናቸው።

ልጄ አላለቀሰችም። «ንጹሕ ነው ብለኸኝ ነበር» ብቻ አለችኝ።

ጎረቤታችን የነበሩት ሽማግሌ ዕድሜያቸውን በቧንቧ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ልጄ በቤታችን ቋንቋ በትግርኛ «አቦሓጎ» ትላቸው ነበር፤ አያት ማለት ነው። እርሳቸውም ነገሩን ሰምተው ወደ ጓሮአቸው ወሰዱኝና ዚራቸውን አሳዩኝ። ዚር በትግርኛ ዕትሮ፥ በአማርኛ እንስራ ከምንለው የሚበልጥ፥ ወደ ጋን የሚጠጋ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ገላው ስለሚያልበው ውሃውን ያቀዘቅዛል። ጥቁር ዓባይ በክረምት የእኛን ደጋ አፈር ጠርጎ ሲያወርድ፥ የገጠር ሴቶች የደፈረሰውን ውሃ በዛፍ ፍሬ ያጠሩታል። ዛፉ የሽፈራው ዘመድ ነው፤ በዓረብኛ ስሙ «የማጥሪያ ዛፍ» እንደ ማለት ነው። ሳሚያ አል-አዝሃሪያ ያን የተባሉ ተመራማሪ ይህን የሱዳን ሴቶች ጥበብ አጥንተው ጽፈውበታል።

«ነገር ግን፥ ልጄ፥» አሉኝ ሽማግሌው፤ «ይህ ሁሉ ውሃን ያጠራል እንጂ ለዓሣ አያበቃም። ዓሣ በሚኖርበት ውሃ ውስጥ ይሸናል።»

እውነታቸውን ነው። ከዓሣ የሚወጣው አሞኒያ በዓይን ሳይታይ ይገድላል። ይህን መርዝ የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ለደንገሉ ምግብ ይሆናል። እነዚህ ፍጥረታት ተራብተው ለሥራ እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠበቅሁም ነበር።

ስለዚህ ቶሎ የሚደፈነውን አሸዋ አውጥተን በምትኩ የዚርና የጡብ ስባሪ ሞላን፤ ሸክላ ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ለባክቴሪያው መኖሪያ ይሆናል። በላዩም ቈሻሻ የሚይዝ ስፖንጅ አደረግን። ስፖንጁ የሚታጠበው ከዚያው ሣጥን በተቀዳ ውሃ ነው፤ በቧንቧ ውሃ ቢታጠብ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጃል። የቀረው ጭንቀት መብራት ነበር። ባክቴሪያውም ዓሣውም አየር ይሻሉ፤ ውሃ ደግሞ በሞቀ ቍጥር የሚይዘው አየር ያንሳል። በ20 ዲግሪ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን የሚይዘው ውሃ በ30 ዲግሪ የሚይዘው 7.5 ያህል ብቻ ነው። ሽማግሌው ከሣጥኑ በላይ አንድ ዚር ሰቅለው ከሥሩ ትንሽ ቧንቧ ገጠሙለት። መብራት ሲጠፋ ልጄ ከበርሜሉ በጣሳ እየቀዳች ስታቀብለኝ እኔ ዚሩን እሞላለሁ፤ ውሃውም አየር እየያዘ በሸክላው ስባሪ ላይ ይንጠባጠባል።

በየቀኑ ቍንጥር የዓሣ ምግብ በባዶው ውሃ ላይ እየጣልን፥ በመለኪያ ጠብታ እየመረመርን 38 ቀን ጠበቅን። ልጄ እያንዳንዱን ቀን በግድግዳው ቀን መቍጠሪያ ላይ ትሰርዝ ነበር። ከዚያ በኋላ የገቡት ስድስት ዓሦች አንድም አልሞቱብን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ስዑር ነበር። ለፋሲካ ስንሰናዳ በከተማው ውስጥ ጦርነት ተነሣ። መብራት ጠፋ፤ ቀጥሎም የቧንቧው ውሃ ተቋረጠ። በዘጠነኛው ቀን በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ስንነሣ ሽማግሌው «እኔ ቤቴን ትቼ የት እሄዳለሁ?» ብለው ቀሩ። ልጄ ጣሳውን ሰጠቻቸው።

ከብዙ ወር በኋላ ከሌላ ከተማ ሆነው ስልክ ደወሉልኝ። ውሃ በጠፋ ጊዜ የመንደሩ ሰዎች ከሣጥኑ እየቀዱ፥ በዚር እያሳደሩ፥ አፍልተው ጠጡት ኖሯል።

«ለልጅህ ንገራት፤ ዓሦቹን አልበላናቸውም» አሉኝ።

ነገርኋት። «ስንት ቀሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን አልጠየቅኋቸውም ነበር።