ዘጠናዎቹን ብቻ የሚያጫውት ሬዲዮ ያዋጣል ወይ?

ዛሬ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙና አንብቡት።

ባለፈው ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ እየወጣሁ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። አሁን ኮምቦልቻ ላይ ፎቶና ቪዲዮ ቤት አለው። ሰላምታውን በቅጡ ሳንጨርስ "ቲቸር፣ አንድ ነገር ላማክርህ" አለኝ። ሐሳቡ የዘጠናዎቹን ዘፈን ብቻ የሚያጫውት ሬዲዮ ነው። መጀመሪያ ከአንዱ ኤፍ ኤም የአየር ሰዓት ገዝቶ መጀመር፣ ኋላ ሲጠነክር የራሱን ጣቢያ መክፈት። "ሰው እኮ አዲስ ዘፈን ሰልችቶታል። ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?" ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለካ ዕቁብ እንደወጣልኝ ሰምቷል! ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ምን የሚደበቅ ነገር አለ?

መልስ ሳልሰጠው ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ደረስን። የመኪናው ሬዲዮ ሽሽሽ ማለት ጀመረ። ሹፌሩ ነካ ነካ አደረገውና ተወው፤ ፍላሹን ሰካ። የኤፍሬም ታምሩ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። "አየህ" አልኩት፣ "ያንተ ተፎካካሪ ሌላ ጣቢያ አይደለም። ይቺ ፍላሽ ናት።"

ሳቅን። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ብሩ የኔ ነዋ!

መጀመሪያ ነገር፣ የትኞቹ ዘጠናዎች? በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ከ1990 እስከ 1999 ነው፤ ቴዲ አፍሮ በ1993 አቡጊዳን ያወጣበት፣ ጎሳዬ ተስፋዬ የተሰማበት፣ ዘሪቱ ከበደ በ1997 ብቅ ያለችበት። በፈረንጆቹ ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ ሰባት ስምንት ዓመት መሄድ ነው። ያኔ የካሴቱ ንጉሥ ንዋይ ደበበ፣ ጸሐዬ ዮሐንስ፣ ኤፍሬም ታምሩ ነው። ተማሪዬን ስጠይቀው "ሁለቱንም" አለኝ። ሁለቱንም ካልን ወደ ሃያ ዓመት ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ዘጠናዎቹ የሚለው ስም ብቻ ነው የቀረው።

በሌላ አገር ያዋጣበት አለ። እንግሊዝ ውስጥ አብሶሉት ሬዲዮ በ2010 (እ.ኤ.አ.) የዘጠናዎቹን ዘፈን ብቻ የሚያጫውት ጣቢያ ከፍቷል። የሰማንያዎቹን ደግሞ ቀደም ብሎ ከፍቶ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው። ሰው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜው የሰማው ዘፈን አይለቀውም። ያ ልጅ ዛሬ አርባ ዓመት ሞልቶት ደመወዝ ይበላል፣ ዕቃ ይገዛል፤ ማስታወቂያ አስነጋሪ የሚፈልገው ደግሞ እሱን ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ እነዚህ ጣቢያዎች የአንድ ድርጅት ልጆች ናቸው። ጠዋት ላይ አንድ አቅራቢ ለሁሉም ያወራል፤ ዘፈኑ ብቻ እንደየጣቢያው ይለያያል። ወጪው ተካፍሏል ማለት ነው። የኛ ልጅ ግን ወጪውን የሚካፈለው ከማን ጋር ነው? ከኔ ዕቁብ ጋር!

አገራችን ውስጥስ? አብዛኞቹ የግል ኤፍ ኤሞች ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ማስታወቂያውም እዚያ ነው። ደሴ ላይ ማን ያስተዋውቃል? ሆቴል፣ የግል ክሊኒክ፣ የቤት ዕቃ መሸጫ። እነሱም ለበዓል ሰሞን ብቻ። የአየር ሰዓት ኪራዩ ግን በዓል አይጠብቅም፤ በየወሩ ይከፈላል።

ዘፈኑም ነፃ አይደለም። "የድሮ ዘፈን ስለሆነ ማን ይጠይቀኛል" የሚል ካለ ተሳስቷል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በ2007 ደግሞ በአዋጅ 872 ተሻሽሏል። የደራሲው መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። የዘጠናዎቹ ግጥምና ዜማ ሁሉ ገና ባለቤት አለው። ደግሞም ይገባቸዋል! ያን ጊዜ አንድ ካሴት ገዝተን ለሰፈሩ ሁሉ ስናስቀዳ የኖርነው እኛው ነን።

ታዲያ አያዋጣም ማለት ነው? ቆዩ። ሸገር 102.1 አለ። በ2000 ዓ.ም. መዓዛ ብሩ ከባልደረቦቿ ጋር ጀመረችው። ሸገር የድሮ ዘፈን ይዞ ገባ፤ ተወደደም። ግን ልብ ብላችሁ ካዳመጣችሁ ሰው የሚጠብቀው ዘፈኑን ብቻ አይደለም። የጨዋታ እንግዳን ነው። አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጦ ሕይወቱን ሲያወራ፣ መሐል ላይ ያ ዘፈን ሲገባ ነው ነገሩ የሚጥመው። ዘፈን ለብቻው ከሆነማ ፍላሽም ላይ አለ።

ይህን ለማስረዳት የራሴን ቤት ታሪክ ልንገራችሁ።

ታላቅ እህቴ በዘጠናዎቹ አጋማሽ ጅዳ ሄደች። ያኔ ቤታችን ስልክ የለም። ደብዳቤ መጻፍ ስለማትወድ ድምጿን በካሴት ቀድታ በሰው ትልክልን ነበር። አንዴ ባዶ ካሴት አጥታ መሰለኝ፣ የኦሪጅናል ካሴት ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ለጠፈችና (ያን ዘመን የኖረ ያውቃታል!) በዘፈን ላይ ቀዳችበት። የኤፍሬም ታምሩ ካሴት ነበር። ዘፈኑ መሐል ላይ ቀጥ ይልና "እማዬ፣ እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ" ትላለች። እናቴ ያቺን ካሴት እየደጋገመች ስታሰማን ጎረቤት ሳይቀር በቃሉ ያውቀው ነበር።

ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤታችንን ዘግተን ወጣን። ከተማዋ ኅዳር መጨረሻ ላይ ተለቀቀችና ስንመለስ በሩ ተሰብሯል። ቴፑ የለም። ካሴቶቹ ግቢ ውስጥ ተበትነው ክራቸው እንደ ቃጫ ተጎልጉሏል። ለመጠቅለል ሞከርኩ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እንኳ አይለይም። ስንት ሰው የሞተበት ጊዜ ስለነበር ስለ ካሴት ማውራት ራሱ ያሳፍር ነበር። ዝም አልን።

እህቴ በ2006 ከሳዑዲ ከተመለሱት ብዙ ሺህ ሰዎች ጋር መጥታለች፤ ዛሬ ኮምቦልቻ ናት፣ ልጆች ወልዳለች። ስለ ካሴቱ ስነግራት ሳቀች። "ድምፄን ምን ታደርጉታላችሁ? እኔው አለሁላችሁ አይደል!" አለች።

እናቴ ግን ያ ዘፈን በሬዲዮ በመጣ ቁጥር በእጇ የያዘችውን ታስቀምጣለች። ያቺ ቦታ እስክትደርስ ትጠብቃለች። ዘፈኑ ግን አይቆምም፣ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚል እኛ ቤት የታወቀው ስንት ዓመት ቆይቶ በሬዲዮ ነው። አንድ ቀን "ለካ እንዲህም ይላል" አለች፣ ለራሷ ነው የምታወራው።

እናም ለተማሪዬ ማክሰኞ ዕለት ደውዬ እንዲህ አልኩት። ጣቢያ አያዋጣም፤ እርሳው። በሳምንት አንዴ፣ እሑድ ከሰዓት፣ የሁለት ሰዓት ፕሮግራም ግን ሞክር። ዘፈን አታብዛ፤ አሥር ይበቃል። የቀረውን ለሰው ስጠው። ሐረጎን ስንት ዓመት የተመላለሰው ሹፌር ይደውል፣ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ ይደውል፣ ፒያሳ ላይ ካሴት ይቀዳ የነበረው ሰውዬ ይምጣ። ደግሞ የወሎ ልጅ ነህ። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው የኛው ሰፈር ነው። እነ ማሪቱ ለገሰ ከወጡበት አገር ተነስተህ የአዲስ አበባን ፕሮግራም ብትገለብጥ ማን ይሰማሃል? የደወለውን ሰው ድምፅ ሁሉ ደግሞ አስፈቅደህ አስቀምጥ፤ በሁለት ቦታ አስቀምጥ።

ዝም ብሎ ሰማኝና "ብሩስ ቲቸር?" አለኝ። ልጅ ልጅ ነው!

ባለቤቴን አማከርኩ። "ጣሪያው ይቅደም" አለች። እውነቷን ነው፣ ክረምት እየመጣ ነው። ከጣሪያው የሚተርፈው የሦስት ወር የአየር ሰዓት ኪራይ ሩቡን ይሸፍን እንደሆነ ነው። እሱን ሰጠዋለሁ። ላይመለስ ይችላል፤ አውቄ ነው። የመጀመሪያዋ ደዋይ ማን እንደምትሆን ግን ከወዲሁ ተነጋግረናል። እማዬ "እኔ በሬዲዮ ምን እላለሁ ልጄ?" ብላ እየተግደረደረች ነው።

እናንተስ? የእናንተ ዘጠናዎች የትኞቹ ናቸው? ቤታችሁ ከአልጋ ሥር የተረሳ ካሴት ካለ ከመጣላችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አዳምጡት። መሐሉ ላይ ማን እንዳለበት አይታወቅም።

ሰላም ዋሉ!