ከነልጆችዎ ሓወልቲ ቢመጡ ምን ይበላሉ?

አንባቢ ሆይ! ከነቤተሰብዎ ወደ መቀሌ የመጡ እንደ ሆነ፣ በሓወልቲ ባለ 51 ሜትሩን የሰማዕታት ሐውልት ሽቅብ አይተው ሳይጨርሱ «አባባ፣ ራበኝ» መባልዎ አይቀርም።

እኔ የምመክርዎ ጥሕሎ የሚቀርብበት ቤት እንዲገቡ ነው። የተቆላ ገብስ ዱቄት በውሃ ታሽቶ፣ በጣት እየተድቦለቦለ ዙሪያውን ይደረደራል፤ መካከሉ በርበሬ የበዛበት የሥጋ ወጥ ነው። ባለ ሁለት ጫፍ በሆነ እንጨት እየተወጋና ከወጡ እየተጠቀሰ ይበላል። ልጆች ምግብ መሆኑን ረስተው ጨዋታ ያደርጉታል። በርበሬው ግን አይምርም። የስድስት ዓመት የእኅቴን ልጅ ይዤ ሄጄ፣ ሳልጠይቅ አዝዤ፣ እንባውን በነጠላዬ ስጠርግ ዋልሁ። (አስተማሪ ነኝ ባይ!) ስለዚህ «ለልጅ ለዘብ ያለ አለ ወይ?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከሌለ ሕምባሻ በነጭ ማር ይዘዙለት።

ረቡዕና ዓርብ፣ ወይም በሁዳዴ ከመጡ ሥጋ ብዙ አይጠብቁ፤ ሕልበት ይጠይቁ። ከጥራጥሬ ዱቄትና ከአብሽ ተመትቶ አረፋ የሚመስል የጾም ምግብ ሲሆን፣ ከስልስ ጋር ይቀርባል። ስልሱን ለራስዎ፣ ሕልበቱን ለልጁ ያድርጉት።

በክረምት ደግሞ በለስ አለ። ልጁ በእጁ እንዳይነካው፣ ሻጩ ይላጥለት፤ እሾሁ ከዓይን የረቀቀ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት እዚህ ዱቄትና ዘይት እንኳ ብርቅ ሆኖ ነበር። አንዲት ባለ ምግብ ቤት የእኅቴ ልጅ የተወውን ጥሕሎ ሲያነሡ ምንም አልተናገሩኝም፤ ቈጥረው ግን አየኋቸው። ልጁ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይዘዙ፤ ካነሰው ይጨመርለታል።