ክራሩ ለማን ድምፅ ነው የተቃኘው?

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን የጠፋሁት ታምሜ አይደለም። በስተርጅና ውድድር ገብቼ ነው! የአማተሮች የባህል ሙዚቃ ውድድር ነው፤ ሙያተኛ አይገባም፣ አንድ ሰው አንድ ዜማ ያቀርባል፣ የተሰጠን ጊዜ አምስት ደቂቃ ነው። ልጆቼ "አባዬ፣ አረፍ አትልም?" ይሉኛል። ጡረታ ወጥቼ ካልተጫወትኩ መቼ ልጫወት?

ከመመዝገቡ ይልቅ የከበደኝ ዜማ መምረጡ ነው። መጀመሪያ የያዝኩት በአንቺ ሆዬ ቅኝት የሚሄድ ፈጣን ዜማ ነበር። ምክንያቴ ግልጽ ነው፤ ዳኞች ከባድ ነገር ሲሰሙ ቀና ብለው ይቀመጣሉ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን የሞከረ ሰው ያውቀዋል። አራቱም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው፤ አንቺ ሆዬ ላይ ግን ድምፆቹ የሚቀራረቡበትና የሚራራቁበት መንገድ ለዘፋኝ ወጥመድ ነው። አንዷ ክር ትንሽ ከላላች ቅኝቱ ጠረኑን ያጣል።

ልምምዴን በስልኬ ቀረጽኩት። ወዲያው አልሰማሁትም፤ ማታ ሁሉም ነገር ጥሩ ይመስላል። በማግስቱ ጠዋት ቡና እየጠጣሁ ከፈትኩት። ክራሩ ደህና ነው፣ ጣቶቼም አልሰነፉም። ዜማው ከፍ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ግን ድምፄ ተሰነጠቀ። እንደገና ቀረጽኩ። እዚያው ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። ስኒውን አስቀመጥኩ። ያቺን ቦታ አውቃታለሁ።

የሚኒ ሚዲያ ክበቡን እመራ በነበረ ጊዜ የተማራችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ለትምህርት ቤቶች ውድድር አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አዘጋጅቼ ነበር። ያቺ ልጅ ትዝታ ስትዘፍን የቢሮ ሠራተኞች ሳይቀሩ መስኮት ላይ ይሰበሰቡ ነበር። እኔ ግን "ትዝታ ሁሉም ይዘፍነዋል፣ ከበድ ያለ እንያዝ" ብዬ ይህንኑ ዜማ ሰጠኋት። "ቲቸር፣ ላዩ ላይ ይከብደኛል" አለችኝ፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። "ትለምጂዋለሽ" አልኳት።

በውድድሩ ቀን እኔ ክራር እየመታሁላት ጀመረች። ከፍታው ላይ ስትደርስ ድምጿ ጠፋ። እንደገና ጀመርን፤ እንደገና እዚያው። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ከመድረክ ወረደች። ከዚያ በኋላ ክበቡ ውስጥ አላየኋትም። "አይዞሽ፣ ፍርሃት ነው" ነበር ያልኳት።

ፍርሃት አልነበረም። ክራር እንደ ፒያኖ አንድ ቦታ ላይ የቆመ ድምፅ የለውም። ቅኝቱ ሳይበላሽ ክሮቹን ሁሉ እኩል ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ደርዳሪው ለዘፋኙ ጉሮሮ ይቃኛል። ይህን ያስተማርኳችሁ እኔው ነኝ። በዚያን ቀን ግን ክራሩ የተቃኘው ቤቴ ለራሴ እንደማንጎራጉርበት ነበር። ስድስት ክር እንደገና መቃኘት ሰነፍኩ። ዜማውንም እደረድረው ነበር እንጂ እስከ ዘንድሮ ድረስ ራሴ ዘፍኜው አላውቅም።

አሁን ለራሴ ዝቅ አድርጌ ቃኘሁት። ላዩ ተስተካከለ፣ ታቹ ግን ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ። ለእሷስ ዝቅ ቢል ይበቃት ነበር? እንጃ፤ አልሞከርኩላትማ!

ዜማውን ተውኩት። የካሳ ተሰማን ቅጂዎች መለስ ብዬ ሰማሁ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ክራር። የሚቸኩልም የሚጨነቅም ድምፅ አልሰማሁም። እኔም አንድ ዝግ ያለ ዜማ በግማሽ ትዝታ ያዝኩ፤ ከሙሉ ትዝታ ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ ግማሽ ቶን ዝቅ ሲሉ የሚገኘው ነው። ቀረጽኩት፣ አሳደርኩት፣ ጠዋት ሰማሁት። ዳኞቹን ላያስደንቅ ይችላል። ድምፁ ግን የእኔ ነው።

ውድድር ለምትገቡ ልጆች አንድ ምክር ልጨምር። ዜማ ስትመርጡ ጥሩ ቀናችሁን አታስቡ፤ ጉንፋን ይዟችሁና እንቅልፍ አጥታችሁም የምትወጡትን ምረጡ። አምስት ደቂቃ ከተሰጣችሁ አራት ደቂቃ የሚሆነውን ያዙ፤ መድረክ ላይ ክር ይላላል፣ መቃኘትም ጊዜ ይበላል። ተማሪ የምታዘጋጁ ደግሞ "ይከብደኛል" ስትባሉ ስሙ።

አንቺ ልጅ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ ስምሽን አልጠራም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፍርሃት ነው ያልኩሽም ጥፋቴን ለመሸፈን ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። መልስ መጻፍ አይጠበቅብሽም።

ውድድሩ ቅዳሜ ነው። ሌሎቻችሁ በጸሎት አስቡኝ። የምትመጡ ካላችሁም ከፊት አትቀመጡ፣ አፍራለሁ።