ቃሉን ያመጣው ማን ነው?

ሰሌዳ ላይ «መቼት» ብዬ በጻፍኩ ቁጥር እጄ ትንሽ ይዘገያል። ለተማሪዎቼ ቃሉ ለፈተና የሚሸመደድ ነው። ለእኔ ግን ይርጋለም ነው፤ የ1981 ዓ.ም. የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያችንን ሲደበድበው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ጸጥ የሚያሰኙን አንድ መምህር ናቸው።

ጋሼ እንላቸው ነበር። አማርኛ ያስተምሩናል፤ ገጣሚም ናቸው። ያን ቀን ቃሉን በጠመኔ ለሁለት ከፈሉት፤ መቼ እና የት። «ይህን ቃል የሰጠን እዚሁ ከተማችሁ የተወለደ ሰው ነው» አሉን። ሃምሳ ምናምን ልጅ ባንድ ጊዜ ቀና አለ። ከይርጋለም ቡና እንደሚወጣ እናውቃለን። ቃል ይወጣል ብሎ የነገረን ግን አልነበረም።

ሰውዬው ደበበ ሰይፉ ነበር። በ1942 ዓ.ም. ይርጋለም ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ እዚያው ሥነ ጽሑፍና ቴአትር ያስተማረ ገጣሚ። ጋሼ ስድስት ኪሎ የእሱ ተማሪ ነበሩ። ደበበ በ1973 ዓ.ም. «የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር» የተሰኘውን መጽሐፍ አሳትሟል። ያኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር ችግሩ ብዙ ነበር፤ ስለ ድርሰት አሠራር በአማርኛ ለማስተማር ሲነሳ የሙያው ቃል ያጥረዋል። መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ሴራ፣ ቃለ ተውኔት የሚሉትን ቃላት በማበጀትና በማስለመድ ስሙ የሚነሳው እሱ ነው። ዛሬ ከአፋችን ሲወጡ ከጥንት የነበሩ ይመስላሉ። ባለቤታቸው እስኪረሳ ድረስ የሁሉ ሰው የሆኑ ቃላት ናቸው፤ ይህን ያህል የተሳካለት ገጣሚ ብዙ አላውቅም።

እኔ ደበበን ደርሼ አልተማርኩትም። የደረሰኝ በጋሼ በኩል ነው። «የብርሃን ፍቅር» በ1980 ዓ.ም. ታትሞ ስለነበር ጋሼ ዘወትር ይዘውት ይመጡ ነበር፤ ጠርዙ ከመገለጥ ብዛት ለስልሷል። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው አንድ ግጥም ያነቡልናል። ማብራሪያ የለም፤ ጥያቄ የለም። አንብበው መጽሐፉን ይዘጉና መስኮቱን ያያሉ። እኛም አብረን መስኮቱን እናያለን። ደወሉ ሲደወል ለመነሳት የሚጣደፍ አልነበረም።

የግጥም አጻጻፍ የሚያስተምሩን ግን ከክፍል ውጪ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በሥነ ጽሑፍ ክበብ ነበር። አሥራ አንድ ልጆች ነበርን። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይዘን እንሰበሰባለን። መጀመሪያ ጆሯችንን አሠለጠኑት። ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ የወል ቤትን ስድስት ስድስት፣ ሰንጎ መገንን አምስት አምስት፣ ቡሄ በሉን አራት አራት ያስቆጥሩናል። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቆ እንደሚዋጥ በፊደል ሳይሆን በጣት ነው የተማርኩት። እስካሁንም ግጥም ሳነብ የቀኝ እጄ ጣቶች ይንቀሳቀሳሉ።

ጋሼ የጎጃም ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው አኮፋዳ አንግተው ቁራሽ እየለመኑ ቅኔ ቤት ከርመዋል። የሚያስተምሩበት መንገድ ከሁለት ቦታ የመጣ ነበር፤ ከስድስት ኪሎም፣ ከቅኔ ቤትም። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ በሁለት ቤት ብቻ ከሚያልቀው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሲጠና ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሲያስብ ውሎ የቆጠረውን መምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያርማሉ። የራሱ ያልሆነ ቅኔ ይዞ መምጣት ነውር ነው። እኛ ሀገር የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርትን ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አድርገው የሚያወሩ ሰዎችን ስሰማ ጋሼ ትዝ ይሉኛል። እሳቸው ለእኛም ሁለት ስንኝ ብቻ ነበር የሚያዝዙን። ሁለቱን ያላጠራ ሦስተኛውን አይጽፍም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሁለት ስንኝ የተንገላታሁበት ጊዜ አለ።

እርማታቸው አንድ ጥያቄ ነበር። ነጥብ አይሰጡም፤ «ጎበዝ» አይሉም። ከተጠራጠሩት ቃል ሥር በእርሳስ ያሰምሩና ኅዳጉ ላይ «ይህን ቃል ያመጣው ማን ነው?» ብለው ይጽፋሉ። ልብህ ነው ወይስ ቤት መምቻው? ማለታቸው ነው። አማርኛ ቤት ለመምታት ይመቻል፤ ጥፋቱም እሱ ነው ይሉ ነበር። ቃሉ ስለገጠመ ብቻ ተንደርድሮ ገብቶ ያልተሰማህን እንድትል ያደርግሃል።

እኔ ስለ እናቴ ጽፌ ነበር፤ ጓሮ ቁጭ ብላ እንሰት ስትፍቅ። አንዱ ስንኝ «አበባ» ብሎ አበቃ፤ ተከታዩ «እንባ» አለ። ጋሼ «እንባ» ሥር አሰመሩ። ለሁለት ቀን ተቀየምኳቸው። ከዚያ ወዲያ ነው የገባኝ፤ እናቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። እንባውን ያመጣው «አበባ» ነው። ሆኖም በእሱ ምትክ የሚገባ ቃል አላገኘሁም፤ ግጥሙም እንደዚያው ቀረ። በዓመቱ መጨረሻ የክበባችን ግጥሞች በስቴንስል ተመትተው በ14 ገጽ ሲባዙ የእኔው ግጥም ከነእንባው ወጣ።

ጋሼ የራሳቸውን ግጥም በሰማያዊ ፋይል ይይዙ ነበር። መቼ እንደሚያሳትሙ ስንጠይቃቸው «እናንተ ስትጨርሱ» ይሉናል። እኛ አልጨረስንም፤ ከእኛ ቀጥሎ ሌሎች መጡ። ገጣሚ መምህር ሲሆን ዋጋውን የሚከፍለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሐሙስን ለክበቡ፣ ቅዳሜን ለእርማት ከሰጡ በኋላ ለሰማያዊው ፋይል የቀረው ሌሊት ነበር። ደበበስ? በሕይወቱ ዘመን ከጻፈው ግጥም በመጽሐፍ ታትሞ እጃችን የገባው ቀጭን ነው፤ «የብርሃን ፍቅር» እና «ለራስ የተጻፈ ደብዳቤ»። የቀረው ጉልበቱ የት እንደሄደ ለማወቅ የተማሪዎቹን ተማሪዎች መቁጠር ያስፈልጋል።

ደበበ በ1992 ዓ.ም. ሲያርፍ ገና ወደ 50 ዓመቱ ነበር። ያኔ እኔም አስተማሪ ሆኜ ነበር። ዜናውን በሰማሁ ማግስት ክፍል ገብቼ፣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ያለ ማብራሪያ አንድ ግጥም አነበብኩ። መጽሐፉን ዘጋሁና መስኮቱን አየሁ። ጥቂት ልጆች አብረውኝ አዩ።

አሁን ተማሪዎቼ ግጥማቸውን እኩለ ሌሊት ላይ በቴሌግራም ይልኩልኛል። ከእኛ የበለጡ ደፋሮች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በእውነት ያስደንቁኛል። ግን እርሳስ የሚያርፍበት ኅዳግ የለም። ጠረጴዛ እየመታን አብረን የምንቆጥርበት ሐሙስም የለም፤ ክፍለ ጊዜው በፈተና ዝግጅት ተይዟል። የምችለውን አደርጋለሁ። ግጥማቸውን በእጄ ወረቀት ላይ ገልብጬ፣ አሰምሬ፣ ጥያቄዋን ጽፌ እመልስላቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ጋሼን ልጠይቃቸው አዲስ አበባ፣ ልጃቸው ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል። ቡና እየተፈላ ሳለ ልጃቸውን አንድ ካርቶን አስመጧት። ሰማያዊው ፋይል ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ያወጡት የእኛን 14 ገጽ ነው። ሐምራዊው ቀለም ደብዝዟል። የእኔን ገጽ አወጡና «አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብኩ። «አበባ» ስል ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ እንባ አልነበረም» አልኳቸው። «ጭስ ነው። እናቴ ዓይኗን በክንዷ ስትጠርግ ያየሁት ከጎጆው ጭስ የገባባት ጊዜ ነው። ‹ጭስ ገባ› ነበር ማለት የነበረብኝ።»

ዝም ብለው ቆዩ። ስንኙን ከመጀመሪያው በጣታቸው ቆጠሩት፤ ደግመው ቆጠሩት። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ እርሳስ አውጥተው አቀበሉኝ።